ብቅሉን ገደልከው

አምና ነሐሴ ላይ ነው። እንቁጣጣሽ ሦስት ሳምንት ገደማ ቀርቶታል። እናቴ ለበዓሉ ጠላ ልትጠምቅ ተነስታለች፣ እኔ ደግሞ ሥራ ስለቀዘቀዘ ቤት ውስጥ እግሯ ስር እልከሰከሳለሁ። የምንኖረው ሱሉልታ ነው። ሱሉልታን በክረምት ያላየ ሰው ስለ ብርድ ባያወራ ይሻለዋል። ጠዋት ጉም፣ ከሰዓት ዝናብ፣ ማታ ሁለቱም። ፀሐይ ካየን ሳምንት አልፎን ነበር።

ብቅሉ ግን ደርሷል። ሦስት ኪሎ ገብስ ተዘፍዝፎ አድሮ፣ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ፣ ድንጋይ ተጭኖበት ከርሞ፣ ሲከፈት ነጫጭ ሥር አውጥቶ እርስ በርሱ እንደ ፀጉር ተያይዟል። የቀረው መድረቅ ብቻ ነው። ለመድረቅ ደግሞ ፀሐይ ያስፈልጋል። ሰፌዱ በረንዳ ላይ ሁለት ቀን ዋለ፣ ጭራሽ ሊሻግት ነው። እናቴ ለቅሶ ልትደርስ ወጣች። እኔም ብልጥ ነኝና የኤሌክትሪክ ምጣዱን ሰካሁት።

ቆላሁት አልልም። አደረቅሁት ነው የምለው። እያማሰልኩ፣ እየተጠነቀቅኩ፣ በደንብ ኩርሽም እስኪል ድረስ። ቤቱ የቆሎ ሽታ ሸተተ። ደስ ይላል።

እናቴ ነጠላዋን ሳታወልቅ በሩ ላይ ቆመች።

«ምንድን ነው የሚሸተኝ?»

«ብቅሉን አደረቅሁልሽ» አልኳት፣ ምርቃት እየጠበቅሁ።

ሰፌዱን አየችው። አንድ ፍሬ አነሳች፣ በጥርሷ ሰበረችው። «አንተ ልጅ! ብቅሉን ገደልከው እኮ!»

ተከራከርኩ። ፀሐይ ላይ ቢሰጣስ መድረቁ አይቀር፣ ደረቅ ገብስ ደረቅ ገብስ ነው፣ ደግሞ ልትፈጪው አይደል፣ ወፍጮ ውስጥ የገባ እህል ምን ነፍስ ይኖረዋል? እናቴ ክርክር አትወድም። «ፀሐይ ያደርቀዋል እንጂ አይገድለውም» አለችና ወደ ጓዳ ገባች። ብሩም እህሉም ስላሳዘናት ግን እንሞክረው ስላት እሺ አለች። ጌሾው ቀድሞ በጋኑ ተጠንስሷል። የእኔ ብቅል ተፈጭቶ ከቂጣው ጋር ገባበት።

አንድ ቀን አለፈ። ሁለት። እናቴ ጋኑን የምታየው በዓይኗ አይደለም፣ በጆሮዋ ነው። ክዳኑን ገለጥ ታደርግና ጎንበስ ብላ ታዳምጣለች። የሚሠራ ጥንስስ ችስ ችስ ይላል። በሦስተኛው ቀን ቀና አለችና «ዝም ብሏል» አለችኝ። ሐኪም ለቤተሰብ የሚናገርበት ድምፅ ነበር።

ያዳነችን ጎረቤታችን ናት። ከፋሲካ የተረፈ፣ በሚያዝያ ፀሐይ የደረቀ ብቅል ነበራት። ሁለት ጣሳ ሰጠችን። ሁለት ጣሳ! ለዚያ ሁሉ ጋን። እናቴ ፈጭታ ጨመረችው፣ በጋቢ ጠቀለለችው፣ በማግስቱ ማታ ጋኑ ማውራት ጀመረ።

እንግዲህ ይህ ጽሑፍ የተጻፈው በዚያ ነገር ተበሳጭቼ ነው። ምክንያቱም እኔ ይህን ተምሬዋለሁ! ዘጠነኛ ክፍል መምህራችን ሰሌዳው ላይ «ኢንዛይምስ አር ባዮሎጂካል ካታሊስትስ» ብለው ጻፉ። ሸመደድነው። ፈተና ላይ መጣ፣ ጻፍነው፣ አራት ከአራት አገኘሁ። ካታሊስት ማለት ምንድን ነው ብሎ የጠየቀ ከስልሳችን አንድም አልነበረም። ለውጥን የሚያፋጥን፣ ራሱ ግን የማያልቅ ነገር ማለት ነው። እናቴ ደግሞ ያንን ክፍል አታውቀውም፣ ቃሉንም ሰምታው አታውቅም፣ ግን ምጣድ ምን እንደሚገድል ታውቃለች።

ከመጀመሪያው ልጀምር። ገብስ ውስጥ የተከማቸው ስታርች ነው። ስታርች ማለት በክር እንደተሰካ ዶቃ አስቡት፣ እያንዳንዱ ዶቃ ግሉኮስ የሚባለው ስኳር ነው። እርሾ ስኳር ይበላል፣ አልኮልና ጋዝ ያወጣል፣ ችስ ችስ የሚለውም ያ ጋዝ ነው። ረጅሙን የዶቃ ክር ግን መብላት አይችልም። አንድ ሰው መቁረጥ አለበት። ቆራጩን የሚሠራው ራሱ ገብሱ ነው፣ ለእኛ ብሎ ግን አይደለም። ውሃ ሲያገኝ ፅንሱ ይነቃል፣ ጂበርሊን የሚባል ሆርሞን ይልካል፣ ከፍሬው ቆዳ ስር ያለው ስስ ሽፋን መልእክቱን ሲሰማ አሚሌዝ የሚባል ኢንዛይም ማምረት ይጀምራል። አሚሌዙ ስታርቹን እየቆረጠ ለቡቃያው ስንቅ ያደርግለታል። ጠላ ጠማቂ እዚህ ላይ ትደርስና ቡቃያው ስንቁን በልቶ ሳይጨርስ ታስቆመዋለች። ብቅል ማለት ይኸው ነው፣ መቀሱ ተስሎ ጨርቁ ሳይቆረጥ የቆመ ገብስ።

አሁን የሚገርመው ታሪኩ ነው። በዓለም ላይ መጀመሪያ ተለይቶ የወጣው ኢንዛይም ከዚሁ ከብቅል ነው የወጣው። በፈረንጆቹ 1833 አንሴልም ፓየን እና ዣን ፍራንሷ ፔርሶ የሚባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ኬሚስቶች የበቀለ ገብስ በውሃ ዘፍዝፈው አጠለሉ፣ አልኮል ሲጨምሩበት ነጭ ነገር ዘቀጠ። ከዚያ ነጭ ነገር ትንሽ ወስደው ስታርች ላይ ሲያደርጉት ወደ ስኳር ተለወጠ። ሲያፈሉት ኃይሉ ጠፋ። ዲያስቴዝ አሉት። ዛሬ አሚሌዝ፣ ላክቴዝ፣ ካታሌዝ እያልን አብዛኛውን ኢንዛይም በ«ኤዝ» የምንጨርሰው ከዚያ ስም ወርሰን ነው። እናቴ አልሰማችም እንጂ፣ ከሁለት መቶ ዓመት ገደማ በፊት እነሱም ብቅል ገድለው ነበር።

እሺ፣ ግን ምንድን ነው የሚሠራው? «ያፋጥናል» ማለት ቀላል ነው። እንዴት ነው የሚያፋጥነው?

በየቀኑ የማልፍበትን መንገድ ልንገራችሁ። ሱሉልታ ከአዲስ አበባ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ናት። ስለዚህ ወደ አዲሱ ገበያ መሄድ መውረድ ነው፣ ድንጋይ ቢሆን ራሱ ተንከባሎ ይደርስ ነበር ትላላችሁ። አይደርስም። መሀል ላይ የእንጦጦ ሸንተረር አለ። ለመውረድ መጀመሪያ ሽቅብ መውጣት አለባችሁ፣ ታክሲው እያቃሰተ። ኬሚስትሪም እንዲሁ ነው። ስታርች ከውሃ ጋር ተገናኝቶ ስኳር መሆን ቁልቁለት ነው፣ ግን መሀል ላይ ሸንተረር አለ፤ ዶቃዎቹን የያዘው ማሰሪያ እስኪለጠጥና እስኪጣመም ድረስ ጉልበት ይፈልጋል። ያን ጉልበት ያላገኘ ሞለኪውል እዚያው ይቀመጣል። ዱቄት ዱቄት ሆኖ ጓዳ ውስጥ ዓመት የሚቆየው ለዚህ ነው። ኢንዛይም ዝቅ ያለ በር ያገኛል፣ በሸንተረሩ መሀል። ሱሉልታን ከፍ አያደርግም፣ አዲስ አበባን ዝቅ አያደርግም። በሩን ብቻ ነው የሚያሳየው።

በሩ ደግሞ ተአምር አይደለም። አሚሌዝ ትልቅ ጥቅልል ፕሮቲን ነው፣ ጎኑ ላይ ስንጥቅ አለው። የስታርቹ ክር እዚያ ስንጥቅ ውስጥ ይተኛል። ውጪ ቢሆን ውሃው በትክክለኛው አቅጣጫ፣ በትክክለኛው ቦታ፣ በበቂ ኃይል እስኪመታው መጠበቅ ነበረበት። እዚህ ግን ክሩ በቦታው ተይዟል፣ ከዶቃዎቹ አንዱ ጠመም ብሏል፣ ስንጥቁ ውስጥ ያሉት አሲድነት ያላቸው አሚኖ አሲዶች፣ ፕሮቲኑ የተሠራባቸው ቁራጮች ማለት ነው፣ በማሰሪያው ላይ ይሠሩበታል፣ ውሃውም በቦታው ቀርቧል። ሁሉም ነገር አንድ ክፍል ውስጥ ተገናኘ። ማሰሪያው ይበጠሳል፣ ቁራጩ ይወጣል፣ ኢንዛይሙ እንደነበረ ነው። ቀጥል!

ትምህርት ቤት የተነገረን ስለ ቁልፍና ጓጉንቸር ነበር፤ ኢንዛይሙ ጓጉንቸር፣ የሚይዘው ነገር ልክ የሚገባበት ቁልፍ። ኤሚል ፊሸር የሚባል ጀርመናዊ በ1894 ያመጣው ምሳሌ ነው፣ መጥፎ አይደለም፣ አሚሌዝ ስታርችን እንጂ ፕሮቲንን የማይነካበትን ምክንያት በደንብ ይነግራል። ግን ቁልፍም ጓጉንቸርም ግትር ነው። ዳንኤል ኮሽላንድ በ1958 እንዳለው ኢንዛይም ሲይዝ ራሱም ቅርፁን ያስተካክላል፣ ጓንት እጅ ሲገባበት እንደሚሞላው። ከዚያ በፊት ደግሞ ላይነስ ፖሊንግ በ1940ዎቹ አንድ ነገር ብሎ ነበር፣ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው። ኢንዛይም አጥብቆ የሚያቅፈው ክሩን ሳይቆረጥ በፊት አይደለም፣ ከተቆረጠ በኋላም አይደለም፣ መሀል ላይ ሲጣመም፣ ልክ ሸንተረሩ አናት ላይ ሲደርስ ነው። ሰው አቀበት ላይ ሲደክመው እጁን የሚይዘው ዓይነት።

ጓደኛዬ ይህን ሁሉ ስነግረው «በአጭሩ ደላላ ነው» አለኝ። ሳቅሁ፣ ቆይቶ ግን ሳስበው ከቁልፉ ይሻላል። እኛ ሰፈር ደላላ ሞልቷል። ቤት ፈላጊ አለ፣ አከራይ አለ፣ በአንድ መንገድ እየተላለፉ ዓመት ሳይገናኙ ይኖራሉ። ደላላው ሁለቱን አንድ ሱቅ በር ላይ ያቆማቸዋል፣ በአሥር ደቂቃ ይጨርሳሉ፣ እሱ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። አይከራይም፣ አያከራይም፣ ማታ ላይ ጠዋት የነበረው ሰው ነው። ኮሚሽን የማይቆርጥ ደላላ ብናገኝ ኢንዛይም ማለት እሱ ነበር። ሁለት ጣሳ ብቅል አንድ ጋን ያነሳችው በዚህ ነው። መቀሱ አያልቅም። አንዱን ክር ሲጨርስ ሌላውን ይይዛል።

አንድ ነገር ግን ደላላ አይችልም፣ ኢንዛይምም አይችልም። በጭራሽ የማይሆነውን ነገር አያስሆንም። የሚያሳጥረው መጠበቁን ነው።

መጠበቁስ ምን ያህል ነው? ሪቻርድ ዎልፈንደን እና አና ራዚካ የሚባሉ ተመራማሪዎች በ1995 ያወጡት ቁጥር አለ። ሰውነታችን የዘረ መል ፊደላትን ሲሠራ የሚያልፍበት አንድ እርምጃ አለ፣ ከአንድ ሞለኪውል ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ መንቀል ነው። ያለ ኢንዛይም በክፍል ሙቀት ሲሰላ ግማሹ ብቻ እስኪለወጥ 78 ሚሊዮን ዓመት ይፈጃል። ማንም ቁጭ ብሎ አልጠበቀም እርግጥ፣ በጣም አሙቀው ከለኩ በኋላ ወደ ታች አስልተው ነው። ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ነው። ሃያ አራት ጊዜ እሷን ደራርቡ። ኢንዛይሙ ሲኖር ይኸው ሥራ የሰከንድ ሃምሳኛ አይሞላበትም። አንድ እርምጃ ብቻ እኮ ነው። ህዋስ ውስጥ በሺህ የሚቆጠር እንዲህ ዓይነት እርምጃ አለ፣ እያንዳንዱ የራሱ ደላላ አለው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የምንለው እኮ እንቁላሉ ውስጥ ኢንዛይም ስላለ ነው። ባይኖርማ የትም አይሄድ።

ወይም ጠዋት ጠዋት አስፋልቱ ዳር የሚሮጡትን ልጆች እዩ። ሱሉልታ አየሩ ቀጭን ስለሆነ ሯጭ አይጠፋም። ጡንቻቸው የሚያወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደም ውስጥ ሲገባ አብዛኛው ባይካርቦኔት ወደሚባል በደም የሚሟሟ ነገር ይለወጣል፣ ሳንባ ሲደርስ ደግሞ ተመልሶ ጋዝ ሆኖ ይወጣል። ደም በሳንባ ቀጫጭን ስሮች ውስጥ የሚቆየው ከአንድ ሰከንድ ያነሰ ነው። ያለ ኢንዛይም ለውጡ አይደርስለትም ነበር። ቀይ የደም ህዋሳት ውስጥ ያለው ካርቦኒክ አንሃይድሬዝ ግን አንዱ ሞለኪውል ብቻውን በሰከንድ እስከ 1 ሚሊዮን ያህል ይለውጣል። የሚገርመው ጡንቻ ጋም ሳንባ ጋም የሚሠራው ያው አንዱ መሆኑ ነው፣ አቅጣጫው ብቻ ይለያያል። ወዴት እንደሚሄድ የሚወስነው እሱ አይደለም፣ የትኛው ወገን እንደበዛ ነው። ደላላ ለሁለቱም ወገን ይሠራል ብያለሁ።

ወደ እናቴ ቃል ልመለስ። «ገደልከው» አለች። ማንን?

ይህ ጥያቄ የእኔና የእናቴ ብቻ አልነበረም፣ ትላልቅ ሰዎች ተጣልተውበታል። ሉዊ ፓስተር መፍላት ሕይወት ያለው እርሾ ካልኖረ አይሆንም ይል ነበር። ዩስቱስ ፎን ሊቢሽ ደግሞ የለም፣ ነገሩ ኬሚስትሪ ነው ይል ነበር። ሁለቱም ከሞቱ በኋላ በ1897 ኤድዋርድ ቡክነር የቢራ እርሾ ከአሸዋ ጋር ፈጭቶ፣ ጨምቆ፣ አንድም ሕያው ህዋስ የሌለበት ጭማቂ አወጣ። እንዳይበላሽ ብሎ ስኳር ጨመረበት፣ ልክ ማርማላታ እንደሚሠራ ሰው። ጭማቂው አረፋ አወጣ። ሕይወት የሌለው ነገር እየፈላ ነበር! በ1907 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ስለዚህ ወፍጮን በተመለከተ እኔ ትክክል ነበርኩ። የተፈጨ ብቅል ነፍስ የለውም፣ ሥራውን ግን ይሠራል።

ታዲያ ነፍስ የሌለው ነገር እንዴት ይሞታል? ይህን የመለሰልኝ ጄምስ ሳምነር ነው። አሜሪካዊ ነው፣ በአሥራ ሰባት ዓመቱ አደን ሄዶ ግራ እጁን አጥቷል፣ ግራኝ ነበር ደግሞ። በአንድ እጅ ኬሚስት አትሆንም ያሉት ነበሩ። ዘጠኝ ዓመት ያህል ከባቄላ ዓይነት ፍሬ ዩሪዬዝ የሚባለውን ኢንዛይም ሲያጠራ ኖሮ በ1926 እንደ ጨው ፍሬ በክሪስታል መልክ አወጣው። ፕሮቲን ሆኖ ተገኘ። ብዙዎች ለዓመታት አላመኑትም፣ በ1946 ኖቤል ተሸለመ። ፕሮቲን ከሆነ ነገሩ ግልጽ ነው። የኢንዛይም ጉልበቱ ቅርፁ ነው። ረጅም የአሚኖ አሲድ ክር ተጠቅልሎ ተጠቅልሎ ያን ስንጥቅ ይሠራል፣ ጥቅልሉን የሚይዙት ደግሞ ደካማ ማሰሪያዎች ናቸው። ስታሞቁት ይንቀጠቀጣል፣ በጣም ስታሞቁት ይፈታል። ሥሪቱ አልተነካም፣ አሚኖ አሲዶቹ ሁሉ አሉ፣ ስንጥቁ ግን የለም። የተቀቀለ እንቁላል ነጩ የሚረጋው በዚሁ ነው፤ ብታቀዘቅዙት አይመለስም። ያ እንቁላል ቀስ በቀስም ቢሆን በእግሩ አይሄድም።

የእኔ ጥፋት ደግሞ እጥፍ ነበር። እርጥብ ፍሬ ላይ ነው እሳት የለቀቅሁት። ፕሮቲን ውሃ ውስጥ እያለ ሙቀት አይችልም፣ ከደረቀ በኋላ በጣም ይሻለዋል። የቢራ ፋብሪካ ብቅል አብቃዮች መጀመሪያ ለብ ባለ አየር አድርቀው ሙቀቱን በኋላ ከፍ የሚያደርጉት ለዚህ ነው። የገብስ አሚሌዝ ሁለት ዓይነት ነው፤ ከክሩ ጫፍ ሁለት ሁለት ዶቃ የሚነጥቀው በ65 ዲግሪ ገደማ በፍጥነት ይሞታል፣ መሀል ለመሀል የሚቆርጠው ትንሽ ይታገሳል። ምጣድ የሚግለው ከ150 በላይ ነው። ፀሐይ ያደርቀዋል እንጂ አይገድለውም ያለችው ቃል በቃል እውነት ነው።

ብርዱስ? ብርድ አይገድልም፣ ያዘገያል። በግምት አሥር ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር ፍጥነቱ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ሱሉልታ ሊጥ ሳይቦካ አንድ ቀን የሚጨምረው፣ ታች አዲስ አበባ ያለችው እህቴ በሁለት ቀን የምትጋግረውን እናቴ በሦስት የምትጋግረው ለዚህ ነው። ለጋኑ ጋቢ ማልበሷን የልጅ ነገር ይመስለኝ ነበር። ሰው እያለ ጋን ይለብሳል እንዴ እል ነበር።

ጠላው ለበዓሉ ደረሰ፣ ትንሽ ቀጠን ብሎ። ለጎረቤታችን የመጀመሪያው ማሰሮ ሄደላት። እናቴ ለመጣው እንግዳ ሁሉ «የእኔ ልጅ ብቅል ቆልቶ...» እያለች ስትጀምር እኔ ዳቦ ቁረሱ እያልኩ ወሬ ማስቀየር ሆነ ሥራዬ። አንዱ የአጎቴ ልጅ፣ ሰባተኛ ክፍል ነው፣ ኢንዛይም እኔ ውስጥስ አለ ወይ አለኝ። ቁራሽ ዳቦ ሰጥቼ ሳትውጥ አኝክ አልኩት። ደቂቃ ያህል አኘከ። ዓይኑ ፈጠጠ። «ጣፈጠ!» አለ፣ በሞላ አፉ። ምራቁ ውስጥ ያለው አሚሌዝ ነው። እናቴ አየችንና «ልጁንም ልትቆላው ነው?» አለች።

ዘንድሮም ነሐሴ ነው። ዘንድሮም ፀሐይ የለም። ብቅሉ ትናንት ከኮባው ወጣ። የቤቱ ሞቃት ክፍል የእኔ ነው፣ ከኩሽናው ጋር ግድግዳ ስለሚጋራ። ሰፌዱ አሁን አልጋዬ ላይ በስሱ ተሰጥቷል፣ በየሁለት ሰዓቱ እናቴ እየገባች በእጇ ታገላብጠዋለች። እኔ ሶፋ ላይ ነኝ። የምጣዱን ገመድ የት እንደደበቀችው አልነገረችኝም።